ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ፣ አንድ ጊዜ ያልተነበበ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ በኢሜይል አንድ መልእክት ላከልኝ። ወደ እኔ ከመድረሱ በፊት ስንት እጅ እንደዞረ ከላይ የተደረደሩት አድራሻዎች ይመሰክራሉ። በውስጡ የአንድ ኢትዮጵያዊ የደም ሐኪም ስምና ሦስት ቁጥሮች ሰፍረዋል፦ ያሳተሟቸው ጽሑፎች ብዛት፣ ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበት ብዛት፣ በመጨረሻም ኤች ኢንዴክስ የሚባለው መለኪያ። ከሥሩ በደማቅ ቀለም «ኩሩ! ለሌላውም አስተላልፉ!» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ቁጥሮቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ሳይጨምሩ አይቀሩምና።

ሐኪሙ ፕሮፌሰር አያሌው ተፈሪ ናቸው፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ዕውቅ የደም ሕክምና ተመራማሪ። እኔም ኩራቱን አልጠላሁትም። ነገር ግን ለላኪው አንዲት ጥያቄ ብቻ መልሼ ጻፍኩለት፦ «ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎች አንዱን አንብበሃል?» ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ምቀኝነት ይህችን አገር እንዴት እንዳጠፋት የሚያትት ረጅም መልስ መጣልኝ። ለጥያቄዬ ግን መልስ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ደብዳቤ ውጤት ነው።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ጠቤ ከፕሮፌሰሩ ጋር አይደለም። እሳቸው ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ቁጥሩን የቆጠረላቸው ሌላ ነው። ጠቤ ከእኛ ጋር ነው፦ ከተማርን፣ ጋዜጣ ከምናነብ፣ በስብሰባ ላይ «ሳይንስ» የሚለውን ቃል ከአፋችን ከማንነጥል ሰዎች ጋር። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ አበው። እኛ ግን ወርቁን እንኳ አልተዋስንም፤ የወርቁን ሚዛን ተውሰን አንገታችን ላይ አንጠልጥለናል።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሚገባኝን ያህል ግን አንብቤአለሁ፤ ያልገባኝንም የሚያውቁትን ጠይቄአለሁ። በ1951 ዊልያም ዳምሼክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ራሱ ከአምስት ዓመት በፊት በመሠረተው «ብለድ» በተባለ ጆርናል ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ቀይ የደም ሕዋስ ከመጠን በላይ የሚበዛበት፣ ፕላትሌት የሚበዛበት፣ መቅኔ እየጠነከረ ጣፊያ የሚያብጥበት፣ እነዚህ የተለያዩ የሚመስሉ በሽታዎች ምናልባት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ጽሑፉ ግምት መሆኑን በርዕሱ ሳይቀር ተናግሯል። ማስረጃው እስኪገኝ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። በ2005 ከፓሪስ አካባቢ፣ ከባዝል፣ ከካምብሪጅና ከቦስተን የተነሡ አራት ቡድኖች ጃክ2 በሚባለው ዘረ መል ላይ አንዲት ነጠላ ለውጥ አገኙ፤ ቀይ ደም በሚበዛባቸው ሕመምተኞች ዘንድ ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ የምትገኝ ለውጥ። በ2006 የማዮ ክሊኒክ ቡድን ከቦስተን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የ1,182 ሕመምተኞችን ናሙና መርምሮ ኤምፒኤል በሚባል ሌላ ዘረ መል ላይ ያለውን ለውጥ አሳየ። የዚያ ጽሑፍ የመጨረሻ ስም አያሌው ተፈሪ ነው፤ በሕክምና ጽሑፍ ወግ ደግሞ የመጨረሻው ስም የመሪው ስም ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን ሌላ ሥራ ነው። በኅዳር 2011 መቅኔን ለሚያጠነክረው ለዚያ በሽታ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሩክሶሊቲኒብ፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። ጣፊያን ያሳንሳል፣ የሌሊት ላብንና የሰውነት ማሳከክን ያስታግሳል፤ ለኩባንያውም፣ ለሐኪሙም፣ ለሕመምተኛውም የምሥራች ነበር። በዚያው ዓመት አያሌው ተፈሪና አንድ የሥራ ባልደረባቸው አጭር ጽሑፍ አወጡ፦ መድኃኒቱን ያቋረጡ አንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የበሽታው ምልክት በፍጥነት እንደሚመለስ፣ በጥቂቶቹም ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ቀውስ እንደሚያስከትል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በድንገት እንዳይቋረጥ፣ ሕመምተኛውም አስቀድሞ እንዲያውቅ። እስቲ አስቡት። ሁሉም በሚያጨበጭብበት ሰዓት «ቆዩ፣ ይህንንም ለሕመምተኛው ንገሩት» ማለት ምን ያህል የሐኪም ኅሊና ይጠይቃል? እኔ ስለ ሰውየው ኩሩ የተባልኩ እንደሆነ የምኮራው በዚህ ነው። በኢሜይሉ ውስጥ ግን ይህ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም፤ ለቆጣሪው ይህ ጽሑፍ «አንድ» ነው። በየጊዜው እየታደሰ የሚወጣ የማስተማሪያ ቅኝትም «አንድ» ነው። እንዲያውም ቅኝቱ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ሌላው ጸሐፊ መግቢያውን ሲጽፍ የሚጠቅሰው እሱን ነውና።

ይህ ቁጥር የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ቢኖር ተመራማሪው የሐሳብን ዱካ ተከትሎ ይሄዳል። በ1964 ፊላዴልፊያ ላይ ባቋቋመው ተቋም ማውጫውን አሳተመ። ሐሳቡ የቤተ መጻሕፍት ሰው ሐሳብ ነው፤ መንገድ ጠቋሚ እንጂ ዳኛ አልነበረም። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውም ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ጆርናል ይግዛ ለሚለው ጥያቄ የሚያገለግል መሣሪያ ነበር፤ ጋርፊልድ ራሱ ግለሰብን ለመመዘን እንዳይውል ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በ2005 ደግሞ በካሊፎርኒያ የፊዚክስ መምህር የሆነው ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ በአንዲት ቁጥር የሚያጠቃልለውን ኤች ኢንዴክስ አወጣ፦ ቢያንስ ሃያ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ጽሑፎች ካሉህ ቁጥርህ ሃያ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰውን አእምሮ እንደ ጫማ በቁጥር መጥራት ቀላል ሆነ።

በደም ሕክምና ዓለም ቁጥሩን የሚያሳድገው ምንድን ነው? አንደኛው የበሽታ ምደባ ነው። በ1976 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሐኪሞች ተሰብስበው አጣዳፊ ሉኬሚያን በዓይነት በዓይነቱ የለዩበት ጽሑፍ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ተጠቅሷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባም እንዲሁ። ጠቃሚ ሥራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ የሚጠቀሰው ግን እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው በብዙ አገር፣ በብዙ ሆስፒታል የሚካሄደው የመድኃኒት ሙከራ ነው፤ ከሥሩ ሠላሳ አርባ ስም ይደረደራል፤ አንዱ ጥቅስ ለአርባዎቹም ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። አርባ ሰው አንድ በሬ አርዶ እያንዳንዱ «አንድ በሬ አረድኩ» ቢል በመንደራችን ምን ይባላል?

አሁን የተገላቢጦሹን ተመልከቱ። በ1960 ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ፣ እዚያው ፊላዴልፊያ፣ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ሕዋስ ውስጥ አንድ ከልክ በታች ያጠረ ክሮሞዞም አዩ። ያሳተሙት ዘገባ እጅግ አጭር ነው። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለችው የቺካጎ ሐኪም ያ ክሮሞዞም ያጠረው ቁራጩ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ቦታ በመለዋወጡ መሆኑን አሳየች፤ ልጆቿን ስታሳድግ ለዓመታት በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ከዚያ መንገድ ተነሥቶ በ2001 ኢማቲኒብ የተባለው ኪኒን ተፈቀደ፤ ገዳይ የነበረው በሽታ ለብዙዎች በየቀኑ ኪኒን እየዋጡ የሚኖሩበት ሕመም ሆነ። ዴኒስ ቡርኪትስ? በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን እጢ አስመልክቶ የጻፈው ጽሑፍ መጀመሪያ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ነበር። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመኪና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ከሆስፒታል ሆስፒታል ጠየቀ፤ እጢው ሞቃትና ዝናባማ አካባቢን ተከትሎ እንደሚሄድ በካርታ አሳየ። ከዚያ እጢ በ1964 ለንደን ላይ ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ ተገኘ። ቡርኪት በ1959 የዕድገት ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ኖሮ ኮሚቴው ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም።

ቁጥር ቢያንስ ከሌባ ይጠብቃል የሚል ካለ ደግሞ እነሆ የጀርመኑ ታሪክ። በ1997 ፍሪድሄልም ኸርማን የተባለው ስመ ጥር የደምና የካንሰር ተመራማሪ ከባልደረባው ከማሪዮን ብራኽ ጋር በታሪክ ከተመዘገቡት ትልልቅ የምርምር ቅሌቶች በአንዱ መሐል ተገኘ። የተቋቋመው አጣሪ ቡድን 347 ጽሑፎችን መርምሮ በ94ቱ ላይ የመረጃ መጭበርበር ምልክት ማግኘቱን ገለጸ። ኸርማን ጥፋቱን አልተቀበለም። ልብ በሉ፤ እነዚያ ጽሑፎች በአቻ ግምገማ አልፈዋል፣ በታወቁ ጆርናሎች ወጥተዋል፣ ተጠቅሰዋል። ቁጥሩ በሙሉ ግርማው ነበረ። ነገሩን ያወጣው መለኪያ ሳይሆን አንድ ወጣት ተመራማሪ ነው፤ ተቀምጦ ሥዕሎቹን ስላያቸው፣ አይቶም ዝም ስላላለ።

ወደ ቤታችን እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሁለት ሐኪሞች ቀረቡ። አንደኛዋ ለሃያ ዓመት ያህል ማይክሮስኮፕ ሥር የደም ስላይድ ስትመረምር የኖረች ናት፤ በአገሪቱ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ስንት ወጣቶች የሉኬሚያን ሕዋስ ከእሷ እንደተማሩ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ሦስት ጽሑፍ ነበራት፤ አንዱ ለዚህ አገር ላቦራቶሪ በትክክል የሚጠቅም። ሁለተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጽሑፍ ያሳተመ ነው፤ ዘጠኙ ማንም ሰምቶት በማያውቀው፣ ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት በሚያትም «ዓለም አቀፍ» ጆርናል የወጡ። ነጥብ ተደመረ። እሱ አለፈ፤ እሷ «በሚቀጥለው ዙር» ተባለች። ጽሑፎቹን ያነበበ አባል እንዳለ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው «መመሪያው አንብቡ አይልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መመሪያውን ገልጬ አየሁት፤ አይልም። እኔም በዚያን ዕለት ፈርሜአለሁ። ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም።

እንዲህ ያለው ጆርናል ምን ያህል እንደሚያነብ ለማወቅ የሚሻ የ2013ቱን የጆን ቦሀነንን ሙከራ ያስታውስ። ጋዜጠኛው ስሕተቱ ዓይን የሚወጋ፣ ካንሰርን ይገታል ስለሚባል ንጥረ ነገር የሚያወራ የፈጠራ ጥናት ጽፎ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ ብቻ መለሱት። የሐሰተኛው ጥናት ደራሲዎች የአፍሪካ ተቋማት ባልደረቦች ተብለው ነበር፤ የፈጠራ ስሞች፣ የፈጠራ ተቋማት። ገበያው ማንን ደንበኛ አድርጎ እንደሚያይ ጋዜጠኛው አውቆታል። እኛስ?

በሌላ በኩል ያለውን ደግሞ እንይ፤ እኛ እንደ ጥሬ ዕቃ ስለምንቀርብበት ሳይንስ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትመራው ቡድን በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ ዘገበ። ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ ሦስተኛ መንገድ። የሚያስደንቅ ግኝት ነው፤ ከስድስቱ ጸሐፊዎች አንዱም ኢትዮጵያዊ ነው። ግኝቱ ብዙ ተጠቅሷል። ደሙን የሰጠው የደጋ ገበሬ ግን ልጁ ገርጥቶ ሲደክምበት፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ሲወጠር፣ የመቅኔ ምርመራ ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚጓዝ የሚጠይቅ ማውጫ የለም። ኢማቲኒብ እንኳ ለአገራችን ሕመምተኞች የደረሰው ኩባንያው ከአንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ባቋቋመው የነፃ እርዳታ ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ነው። የተሰጠን ኪኒን ለሰጪው ምስጋና ይገባዋል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚከታተለውን የዘረ መል ምርመራ ግን በየክልሉ ሆስፒታል አገኘሁ የሚል ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ በደስታ አትመዋለሁ።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ አልሸሸውም። «ቁጥሩን ጣሉት ካልክ በምን እንመዘን? በዘር? በፓርቲ? በሰብሳቢው የእህት ልጅነት? ቁጥር ቢያንስ ዓይነ ስውር ነው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ የተጎዱ ናቸው። በዚህ አገር ሰው ዳኛ የሆነበት ወንበር ምን እንዳደረሰ አውቃለሁ። ነገር ግን ቁጥር ማንን አዳነ? በ1993 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ ከመካከላቸው ብዙ ያሳተሙ ምሁራን ነበሩ። ያሳተሙት ጋሻ አልሆናቸውም። ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስም ከተባረሩት አንዱ ነበሩ፤ የሕክምና ፋኩልቲው መሥራችና ዲን፣ የቀዶ ሐኪሞች መምህር። በኋላ ታሰሩ፤ በ1999 ለሕክምና በሄዱበት በዚያችው በፊላዴልፊያ አረፉ። የአስራት ወልደየስ ኤች ኢንዴክስ ስንት ነበር? ጥያቄው ያሳፍራል አይደል? ታዲያ ለሟቹ ያሳፈረን ጥያቄ ለሕያዋኑ ለምን አያሳፍረንም?

ዓይነ ስውር ዳኛ ደግሞ ከአድልዎ የጸዳ ነው ማለት አይደለም፤ እጁን ይዞ የሚመራው ሰው ያሻውን ያደርገዋል። የእህት ልጅ አሥራ አንድ ጽሑፍ መግዛት ይችላል፤ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ እሱ ይችላል፤ ገንዘቡ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ማንበብ ግን ምስክር ይፈልጋል። ኮሚቴው ጽሑፉን አንብቦ የፍርዱን ምክንያት በጽሑፍ ቢያስቀምጥ፣ ተበዳዩ ይግባኝ የሚልበት ነገር ይኖረዋል። በድምር ላይ ምን ተብሎ ይግባኝ ይባላል? ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው ይሉታል፤ ያልቃል።

የምለው ነገር አዲስ አይደለም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ አዘጋጆችና ተመራማሪዎች ሰውን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ የሚል መግለጫ አውጥተዋል፤ ብዙ ተቋማት ፈርመውታል። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያም ያነሰ ነው። ዕጩው ከሥራዎቹ ሦስቱን ብቻ መርጦ ያቅርብ፤ ኮሚቴው ያንብባቸው፤ ያስተማራቸውና ያከማቸው ሰዎች ይጠየቁ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ያቋቋመው ላቦራቶሪ ካለ ሄዶ ይታይ። ሦስት ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ የለንም የሚል ኮሚቴ ለመፍረድስ ማን ጊዜ ሰጠው?

ለወዳጄ በመጨረሻ የጻፍኩለት አጭር ነው። ያንን የ2011 ጽሑፍ፣ መድኃኒቱን ስለሚያቋርጡ ሕመምተኞች የተጻፈውን፣ አያይዤ ላክሁለት፤ ጥቂት ገጽ ነው፣ ከቡና ጋር ያልቃል። አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ስለ ሰውየው ምን እንደተሰማው እንዲጽፍልኝ ለመንኩት፤ እንደፈለገም በዚሁ ገጽ በስሙ አወጣዋለሁ አልኩት። መልሱ ገና አልመጣም። ያንን ከሦስቱ ቁጥሮች ጋር የተላከውን መልእክት ግን ከትናንት በስቲያ ከሌላ ሰው እንደገና ደረሰኝ፤ ሁለተኛው ቁጥር ጨምሯል።